አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

«ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር ጥሩ ስምምነት አሳይቷል።» ይቺን ዐረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማን አስማማው? በምን ሂሳብ? አንዱን ቁጥር በሁለት አባዝቶ ተስማማ ማለት እኮ ባልና ሚስትን አፋቸውን ይዞ ታረቁ እንደማለት ነው።

ይህን በተለይ ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነው የምጽፈው። ሌሎቻችሁንም ግን እለፉት አልልም፤ ኬሚስትሪው ከከሰል ምድጃ ብዙም አይርቅም። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገርን ከሥሩ። የከባቢ አየርን ኬሚስትሪ ጨምረው የሚያሰሉ የአየር ንብረት ሞዴሎች አንድ የቆየ በሽታ አለባቸው፦ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አሳንሰው ያሳያሉ። በተለይ በክረምትና በጸደይ። (ክረምት ስል የፈረንጆቹን ነው፤ የኛ በጋ ማለት ነው።) እ.ኤ.አ. በ2006 ድሩ ሺንዴልና ባልደረቦቹ 26 ሞዴሎችን ሰብስበው ከሞፒት ሳተላይት መሣሪያና ከምድር ጣቢያዎች ልኬት ጋር አነጻጸሩ፤ ሰሜኑ ላይ ጎደለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቫይሻሊ ናይክ የመሩት ሌላ ትልቅ ንጽጽር ወጣ፤ አሁንም ጎደለ። ሞዴሎቹ ተቀይረዋል፣ ኮምፒውተሮቹ ተቀይረዋል፣ የልቀት መዝገቦቹ ስንት ጊዜ ታድሰዋል። ጉድለቱ ግን አቅጣጫውን እንኳ አልቀየረም። ዝም ብሎ የሚዋዥቅ ስሕተት ቢሆን አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይል ነበር። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ግን የጋራ ምክንያት አለ ማለት ነው።

ታዲያ ሞዴል ተሳሳተ ብዬ አልጣላም፤ ሞዴል ሊሳሳት ነው የተሠራው፣ ስሕተቱን አይተን የማናውቀውን እንድናውቅ። እኔን የሚያናድደኝ በስሕተቱ ላይ የምናደርገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሮቶ እንሂድ። ቤታችሁ ያለው የውሃ ሮቶ ጎደለ እንበል። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ከቧንቧው የሚገባው አንሷል፣ ወይ ከታች ያፈሳል። ከፍታውን ብቻ አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ልታውቁ አትችሉም። ካርቦን ሞኖክሳይድም እንዲሁ ነው። የሚገባው ከመኪና፣ ከፋብሪካ፣ ከማገዶና ከሰደድ እሳት ነው፤ በዚያ ላይ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ከየትም ጭስ ማውጫ ሳይወጣ እዚያው አየር ላይ ከሚቴንና ዕፅዋት ከሚተነፍሷቸው ጋዞች ይሠራል። (ይኼኛው ግማሽ በየትኛውም የልቀት መዝገብ ውስጥ የለም፤ ያዙልኝ።) የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ በዋናነት አንድ ነው፦ ሃይድሮክሲል።

ሃይድሮክሲል ማለት አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የተጣበቁበት፣ ዕድሜው አንድ ሰከንድ ያህል የሆነ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ቅንጣት ነው። ክፍል ውስጥ «የከባቢ አየር ጠራጊ» እያልኩ ያስተማርኳችሁ። አልትራቫዮሌት ጨረር ኦዞንን ሲሰብረው የሚፈናጠረው ኦክስጅን ከውሃ ተን ጋር ተጋጭቶ ይወልደዋል። ከተወለደው ሃይድሮክሲል ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን የሚጨርሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሚቴንም የሚጠፋው በዚሁ ሃይድሮክሲል ነው። ሁለት ሮቶ፣ አንድ ማፍሰሻ ማለት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፣ ሚቴኑ ዘጠኝ ዓመት ገደማ። ግን የሁለቱንም ዕድሜ የሚወስነው ያው ቀዳዳ ነው።

አሁን ችግሩ ይታያችኋል? የሞዴሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የጎደለው ቀዳዳው ከእውነተኛው ስለሰፋ ከሆነ፣ ሚቴኑም ቶሎ ቶሎ እየፈሰሰ ነው። እኛ ቀዳዳውን ትተን ቧንቧውን ስንከፍት የካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍታ ይስተካከላል፣ ግራፉ ያምራል፣ ጽሑፉ ይታተማል። ሚቴኑ ግን እያፈሰሰ ነው። ይባስ ብሎ፣ የተጨመረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሃይድሮክሲል ስለሚበላ ቀዳዳው ትንሽ ይጠብባል፤ የሚቴኑም ቁጥር ትንሽ ይሻሻላል። አታላዩ እዚህ ላይ ነው። በተሳሳተ ምክንያት የተሻሻለ ቁጥር ከተበላሸ ቁጥር የከፋ ነው፤ የተበላሸውን ቢያንስ ትጠረጥሩታላችሁ።

«ቀዳዳው ሰፍቶ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌላ ምስክር አለ። ሜቲል ክሎሮፎርም የሚባል ማሟሟቻ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ነው፣ በተፈጥሮ የለም። የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ታገደ። ቧንቧው ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሮቶው ውሃ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት ብቻ ነው፤ የሚያወርደው በአብዛኛው ሃይድሮክሲል ስለሆነ የቀዳዳውን ስፋት በቀጥታ ይነግረናል። እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ምስክር በሳይንስ ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ምስክሩ ምን አለ? በዚሁ መንገድ በልኬት ላይ ተመሥርቶ የተሰላው፣ ሚቴን በሃይድሮክሲል ብቻ የሚኖረው ዕድሜ 11.2 ዓመት ነው፤ ስሕተቱ 1.3 ወደ ላይም ወደ ታችም። የእነ ናይክ ሞዴሎች አማካይ ደግሞ 9.7፣ ስሕተቱ 1.5። አንድ ዓመት ተኩል ልዩነት። ሌላም አለ። ሞዴሎቹ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያለውን ሃይድሮክሲል ከደቡቡ 1.28 እጥፍ ያደርጉታል። ፕራቢር ፓትራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሜቲል ክሎሮፎርም ልኬት ያገኙት ግን 0.97 ነው፤ እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። እንግዲህ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚጎድለው ሰሜኑ ላይ፣ ሃይድሮክሲል የተትረፈረፈውም ሰሜኑ ላይ። የእነ ናይክ ሞዴሎች በሰሜኑ ኦዞንን ደግሞ አብዝተው ያሳያሉ፤ ኦዞን የሃይድሮክሲል እናት ነው ብለናል። ሦስት ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ እየጠቆመ እኛ ግን የልቀት መዝገቡን እናባዛለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ አይደል? አህያው ኬሚስትሪው ነው፤ ይራገጣል፣ ነካ ካደረጋችሁት መቶ ነገር ይነቃነቃል። ዳውላው የልቀት መዝገቡ ነው፤ አይራገጥም፣ ዝም ብሎ ይመታል።

«የስሕተት ወሰናቸው እኮ ይነካካል፣ 11.2 እና 9.7 ያን ያህል አይጣሉም» የሚሉ አሉ። አዎ ይነካካል። ይህን ሰበብ ብዙ ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ። ግን የአንዱ ቁጥር ወሰን መንካካቱ አንድ ነገር ነው፤ የሚቴኑ ዕድሜ፣ የሰሜንና የደቡቡ ሚዛን፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ኦዞኑ ሁሉም በአንድ ወገን መዛነፋቸው ሌላ ነገር ነው።

ልቀቱ ትክክል ነው እያልኩ ግን አይደለም። ይኼን አጥብቄ ልናገር፣ ነገ «መምህር ልቀት አይነካም ብለዋል» እንዳትሉኝ። በታኅሣሥና በጥር በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ የለችም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ከሌለች ሃይድሮክሲል የለም፣ ቀዳዳው ተደፍኗል። በዚያ ወቅት ሮቶው ከጎደለ ጥርጣሬው ወደ ቧንቧው መሄዱ ተገቢ ነው። ኦላፍ ስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ የክረምት ጉድለት ብቻ ለይተው መረመሩ፤ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የክረምት የመኪና ልቀት በመዝገቡ ላይ እጅግ አንሶ እንደተጻፈ፣ መሬቱ ከአየሩ የሚመጠውም መጠን መታረም እንዳለበት አሳዩ። ስሜት ይሰጣል፤ ብርድ ላይ የተነሣ መኪና ማጣሪያው እስኪሞቅ ድረስ ጭሱን እንዳለ ነው የሚለቀው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጸደይም ናሳና ኮሪያውያን በአውሮፕላን ኮሪያ ሰማይ ላይ ሲለኩ ከቻይና የሚመጣው በመዝገብ ከተጻፈው በጣም እንደሚበልጥ ታየ። እነዚህ ሰዎች ያባዙት ምክንያት ይዘው ነው። ቦታውን ያውቁታል፣ ወቅቱን ያውቁታል፣ ሌላ ምስክርም አላቸው። እናንተ ዓመቱን ሙሉ፣ አገሩን ሙሉ፣ በአንድ ቁጥር ስታባዙ ግን የያዛችሁት ምክንያት ግራፉ እንዲገጥም መፈለጋችሁ ብቻ ነው።

አሁን ወደኛ ሰፈር። ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስት ረቂቆች ደርሰውኛል፤ ሦስቱም ምሥራቅ አፍሪካን በወርፍ ኬም ያሰሉ ናቸው። ትጉህ ልጆች ናቸው፣ ሥራው ውስጥ ላብ አለበት። ሦስቱም ውስጥ ግን ያቺ ዐረፍተ ነገር አለች፦ ሞዴሉ ካርቦን ሞኖክሳይድን ስላሳነሰ የአካባቢውን የቤት ማገዶና የከሰል ልቀት አባዝተናል፣ ከዚያ በኋላ ጥሩ ስምምነት ተገኝቷል።

ልጆች፣ ሞዴላችሁ እኮ ድንበር አለው! በድንበሩ የሚገባው አየር ከየት ነው የመጣው? ከዓለም አቀፉ ሞዴል። ያ ሞዴል ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ አሳናሽ ነው ስንል የከረምነው ነው። ሁለት ወር የሚኖር ጋዝ ድንበር አያቆመውም። በበጋ ወደ እኛ የሚነፍሰው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ ምድር በኩል ነው፤ የሰሜን ንፍቀ ክበብን አየር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ከነጉድለቱ።

ለምሳሌ ያህል በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለሂሳብ ብቻ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ልኬቱ 120 አለ፣ በቢሊዮን ውስጥ። ሞዴሉ 90 አለ። ከ90ው 70 በድንበር የገባ ነው፣ የአካባቢው 20 ብቻ። 30ውን ጉድለት በአካባቢው ልቀት ብቻ እንሙላው ካላችሁ 20ው 50 መሆን አለበት፤ ሁለት ተኩል እጥፍ። ግን እውነቱ በድንበር የሚገባው 90 መሆን ነበረበት እንበል። ያኔ የአካባቢው ልቀት 30 ነው፤ አንድ ተኩል እጥፍ። በመካከል ያለው 20 የማን ነው? ፍራንክፈርት ላይ በብርድ የተነሣ መኪና ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ ሞዴል ውስጥ የተትረፈረፈ ሃይድሮክሲል ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን በአዲስ አበባ ከሰል ላይ ጻፋችሁት።

ይኼ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የእናንተ ሠንጠረዥ ነገ የፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ ይገባል። «የቤት ውስጥ ከሰል ልቀት ከተገመተው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው» ተብሎ ይጠቀሳል፣ ተጠቃሹ ይጠቀሳል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ምንጩ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ጉሊት ተቀምጣ ጆንያ ፈትታ ከሰል የምትቸረችር ሴት ላይ ደንብ የሚያወጣው ሰው ያቺን ቁጥር ነው የሚያየው። እሷ ደግሞ ስለ ድንበር ሁኔታ የምትከራከርበት መድረክ የላትም።

ለከሰል ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሲከስልም ሲነድም። አፈር ለብሶ፣ አየር አጥቶ ነው እንጨቱ የሚከስለው፤ ያልተሟላ ቃጠሎ የሚባለው ራሱ ይኼ ነው። ዝናብ ሲያይል በር ዘግቶ ምድጃ ያስገባ ቤተሰብ ምን እንደሚደርስበት ሁላችሁም ሰምታችኋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ነው፣ የድሮ ካርቡረተር ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ቤንዚን አብዝቶ ይነዳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይበዛል። በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ቁጥር ለኛ ሊያንስ ይችላል፣ እቀበላለሁ። ስለዚህ ልቀታችን ከመዝገቡ ይበልጥ ይሆናል። ግን በስንት? ከየትኛው ምንጭ? በየትኛው ወር? ይህን የሚነግረን ልኬት እንጂ ግራፍ እንዲገጥም የተመረጠ ብዜት አይደለም።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ እኮ የሙቀት ጋዝ አይደለም፣ ምን ያስጨንቅሃል» ብሎ የጻፈልኝም አለ። በቀጥታ አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ሃይድሮክሲልን በልቶ የሚቴንን ዕድሜ ያረዝማል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ባለበት ኦዞን ይሠራል፣ መጨረሻው ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአይፒሲሲ ሪፖርት ይህን ሁሉ ደምሮ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ልቀት በካሬ ሜትር 0.23 ዋት ሰጥቶታል። ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስጎው ላይ አገሮች የሚቴን ልቀታቸውን እስከ 2030 በ30 በመቶ ሊቀንሱ ቃል ገብተዋል። ቃሉ መፈጸሙን የምናረጋግጠው አንዱ መንገድ የአየሩን ሚቴን ለክቶ፣ በሞዴል ወደ ኋላ ተመልሶ ማን ምን ያህል እንደለቀቀ ማስላት ነው። የቀዳዳውን ስፋት የተሳሳተ ሂሳብ የቧንቧውንም ይሳሳታል። ቀዳዳው ሰፊ ነው ብሎ ያመነ ሞዴል የሮቶውን ከፍታ ለማስረዳት ብዙ ውሃ ገባ ማለት ግድ ይለዋል። ሰሜኑ ላይ ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ የተሳሳተ ክስ የሚጻፈው ሰሜኑ ላይ ነው፤ ሚዛኑን ደግሞ ማንም ይሁን ማን የተከሰሰው ወገን ይጠይቃል። ስለዚህ ይኼ የሙያተኞች ጣጣ ብቻ አይደለም።

ወደ ሌላው ወገን ልለፍ፣ ባጭሩ። «ይኸው ባለሙያው ራሱ ሞዴሎቹ ተሳስተዋል አለ፣ ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው» ብላችሁ ይህን ጽሑፍ ቆርጣችሁ የምትለጥፉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሃይድሮክሲል አይነካውም። ያለፈውን ሙቀት ሲያሰሉ ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚቴኑን መጠን ራሳቸው አይፈጥሩትም፤ የተለካውን ነው የሚሰጧቸው። ስሕተቱ ያለው የወደፊቱንና የተጠያቂነቱን ሂሳብ ላይ ነው። ደግሞ አቅጣጫውን እዩት፦ ሞዴሎቹ ሚቴን ቶሎ ይጠፋል ነው የሚሉት፣ ልኬቱ ይቆያል ነው የሚለው። ለእናንተ የሚሆን ማጽናኛ የለበትም።

እና ምን እናድርግ? እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ንጽጽር ስታሳዩኝ አጠገቡ የሞዴላችሁን የሚቴን ዕድሜና የሰሜን ደቡብ የሃይድሮክሲል ሚዛን አስቀምጡ። እናንተ እንደ ወርፍ ኬም የአካባቢ ሞዴል የምትሠሩ ደግሞ ድንበሩን ከሳተላይት ልኬት ጋር አነጻጽሩ፤ ሞፒት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የለካው በነጻ የሚገኝ ነው፣ ኢንተርኔት እንጂ ዶላር አይጠይቅም። ካባዛችሁም በየወሩ አባዙ፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ ያልተባዛውንም ግራፍ አሳዩ።

እቤታችን ያለውንም አትርሱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከጀርመን ካርልስሩሄ ተመራማሪዎች ጋር በተሠራ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2009 ጀምሮ በ2,443 ሜትር ከፍታ ላይ የፀሐይን ኢንፍራሬድ ብርሃን እየተነተነ የአየሩን ጋዞች የለካ መሣሪያ አለ። ከምድር ወገብ አጠገብ፣ በዚህ ከፍታ፣ በአፍሪካ ምድር ላይ! ከኬንያ ተራራ፣ ከአልጄሪያው አሰክሬም፣ ከናሚቢያው ጎባቤብና ከኬፕ ፖይንት ጋር በጣት ከሚቆጠሩት የአህጉሩ ረጅም ልኬቶች ተርታ የሚገባ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያ ብርሃን ውስጥ ይነበባል፣ ሚቴንም ይነበባል። ሦስቱም ረቂቆች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ውሳኔውን ውደዱት ጥሉት፣ ለኛ ሙያ ግን በእጅ የማይገኝ ሙከራ ነው፦ አንዱ ቧንቧ ቀስ በቀስ ሲዘጋ ከሰሉ ባለበት ይቆያል። የመኪናውን ድርሻ ከከሰሉ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዕድል አይመጣም። ግን ዛሬ የለካ ብቻ ነው የዛሬ አሥር ዓመት የሚያነጻጽረው፤ ለማስተር ጥናት ርዕስ አጣሁ የምትሉኝ ልጆች፣ ከዚህ ጀምሩ፣ ኢንቦክሴም ክፍት ነው።